ቤተሰብ፣ ትምህርት ቤትና ሃይማኖት በመሀል አዲስ አበባ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች በአራዳ፣ በልደታ፣ በቂርቆስና በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተሞች የሚኖሩ ወላጆች፣ ተማሪዎችና የዕድር ዳኞች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ሐሳብ ዙሪያ ነው። ቤተሰብ፣ ትምህርት ቤትና ሃይማኖት እያንዳንዳቸው ሰውን ይቀርጻሉ፤ በመሀል አዲስ አበባ ግን ሦስቱን የሚያገናኛቸው ሰፈር ስለሆነ፣ ሰፈሩ ሲናጋ ሦስቱም አብረው ይናጋሉ።

ማኅበራዊ ተቋም ሲባል ምን ማለት ነው?

ማኅበራዊ ተቋም ማለት አንድ ኅብረተሰብ ዘወትር ለሚገጥሙት ጉዳዮች፣ ማለትም ልጅ ለማሳደግ፣ ዕውቀት ለማስተላለፍ፣ ፈጣሪን ለማምለክ፣ ሙት ለመቅበርና ጠብ ለማብረድ ያጸናው የአኗኗር ሥርዓት ነው። ሰው ሲወለድ ያገኘዋል፣ ሲሞትም ትቶት ይሄዳል። አንድ የአራት ኪሎ ወጣት ለማግባት ሲያስብ ሽማግሌ ማን ማን እንደሚላክ፣ በሙሽራዋ ቤት ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ የመጀመሪያው ቀጠሮ ለምን ያለ መልስ እንደሚያልፍ እርሱ አይወስንም፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት ወስነው ቆይተውታል። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኤሚል ዱርካይም ይህን ከግለሰቡ ውጭ የሚኖርና ግለሰቡን የማስገደድ ኃይል ያለውን ነገር የጥናቱ መነሻ አድርጎታል። ሕንፃው፣ ማኅተሙና መዝገቡ የተቋሙ መገልገያዎች ናቸው፤ ተቋሙን ተቋም የሚያሰኘው ሰዎች አስገዳጅ ሳይቆምባቸው የሚያከብሩት ሥርዓት ነው።

ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ለምንድን ነው?

ልጅ አፉን የሚፈታበትን ቋንቋ፣ ታላቅን አንቱ ማለትን፣ እንግዳ ሲገባ ከመቀመጫ መነሣትን፣ ከምግብ በፊት እጅ ማስታጠብን የሚማረው በቤቱ ነው። እነዚህ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች ለማን መታዘዝ እንደሚገባ፣ ማንን ማመን እንደሚቻልና ለማን ማዘን እንደሚያስፈልግ ያስተምራሉ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 34 ቤተሰብን የኅብረተሰብ የተፈጥሮ መሠረት አድርጎ ይቀበለዋል፤ ከኅብረተሰቡና ከመንግሥት ጥበቃ የማግኘት መብትም ይሰጠዋል።

የመሀል ከተማ ቤተሰብ ደግሞ ከአባት፣ ከእናትና ከልጆች የሰፋ ነው። ለትምህርት ከክፍለ ሀገር የመጣች የእኅት ልጅ፣ ለሕክምና የመጣ አጎት፣ ሥራ እስኪያገኝ የተጠጋ የአገር ልጅ በአንድ ጠባብ ቤት ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ይህ ልማድ ለአስተናጋጁ ቤተሰብ ከባድ ሸክም እንደሆነ አይካድም። ሆኖም ከተማዋ ከየአቅጣጫው የመጣውን ሰው ልታሳድር የቻለችው በዋናነት በዘመድ ቤት በኩል ነው። ጡረታና መድን ለጥቂቶች ብቻ በደረሰበት አገር፣ ሥራ አጥን የሚያበላው፣ አዛውንትን የሚጦረው፣ በሽተኛን የሚያስታምመው ቤተሰብ ነው።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ምን ለወጠ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ያደርገው ነበር፤ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳርም ይፈቅድ ነበር። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ጨምሮ ብዙዎች ከተሟገቱለት በኋላ፣ አዲስ አበባን የሚመለከተው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ወጥቶ ሁለቱንም ሽሯል። የጋብቻ ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት ሆነ። ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በእኩልነት ያስተዳድራሉ፣ መኖሪያቸውንም በስምምነት ይመርጣሉ። ቀድሞ በቤተ ዘመድ ዳኞች እጅ የነበረው የፍቺ ውሳኔ ወደ ፍርድ ቤት ተዛወረ። ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት ከሦስት ዓመት ላላነሰ ጊዜ አብረው የኖሩ ሰዎችም በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የጋራቸው እንዲሆን ሕጉ ደንግጓል።

ሕጉ ልማድን አላጠፋም። በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል የሚፈጸም ጋብቻ ሦስቱም በሕግ ዘንድ እኩል የጸኑ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ቆርበው የተጋቡም ሆኑ ኒካሕ ያሰሩ ጥንዶች ግን ጋብቻቸውን ማስመዝገብ አለባቸው። ይህን ችላ የሚሉ ሰዎች ችግሩ የሚገለጥላቸው ዘግይቶ ነው፤ ከተጋቢዎቹ አንዱ ሲሞት የውርስ ወይም የጡረታ ጥያቄ የሚቀርበው በማስረጃ ነውና፣ ሠርጉን ያየ ሰፈር በሙሉ ቢመሰክርም ወረቀት የሌላት ሚስት ብዙ ትጉላላለች።

ፍርድ ቤት ካለ ሽማግሌ ለምን ያስፈልጋል?

ሕጉ ራሱ ለሽማግሌ ቦታ ትቶለታል። ፍቺ የጠየቁ ባልና ሚስት ጉዳያቸውን እነርሱ በመረጧቸው ሽማግሌዎች ፊት እንዲጨርሱ ፍርድ ቤቱ ሊያበረታታቸው ይችላል። ሙስሊም ተከራካሪዎችም ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ የጋብቻ፣ የፍቺና የውርስ ጉዳያቸውን በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት በተደራጁት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ማየት ይችላሉ፤ ከሁለቱ አንዱ ካልተስማማ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ሽምግልና ጥሩ የሚሆነው ባልና ሚስቱን በቅርብ የሚያውቁ፣ ከዕርቁም በኋላ ቤታቸውን የሚጎበኙ ሰዎች ሲይዙት ነው። የተደበደበችን ሴት "ለልጆችሽ ስትይ ቻይው" ብሎ የሚመልስ ሽምግልና ግን ለተቋሙ ስም ሲል ሰውን ይጎዳል። ድብደባ ወንጀል ነው፤ ወንጀል ደግሞ በእርቅ ማዕድ የሚሸፈን ጉዳይ አይደለም።

ዘመናዊ ትምህርት ከመምጣቱ በፊት ትምህርት በማን እጅ ነበር?

በሃይማኖት ተቋማት እጅ ነበር። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተማሪው ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደል ይቆጥራል፣ ንባብ ይለያል፣ ዳዊት ይደግማል፤ የጸናው ወደ ዜማ ቤት፣ ወደ ቅኔ ቤትና ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ይዘልቃል። በሙስሊሙ ዘንድም ልጆች በቁርኣን ቤት የዐረብኛ ፊደልና የቁርኣን ንባብ ይማሩ ነበር። ሁለቱም ዛሬ ድረስ አሉ። በመሀል ከተማ ባሉ አጥቢያዎች ሕፃናት መደበኛ ትምህርት ከመግባታቸው በፊት ወይም በክረምት የቄስ ትምህርት ቤት ይላካሉ፤ በመስጊዶች ዙሪያም ልጆች ከመደበኛው ትምህርት ውጭ ባለው ሰዓት ቁርኣን ይቀራሉ።

ዘመናዊ ትምህርት ቤት ኅብረተሰቡን የለወጠው በምን መንገድ ነው?

በአራት ኪሎ አካባቢ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ ዓመታት ሲከፈት፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አዲሱ ትምህርት እምነትን ያናጋል ብለው ስለሠጉ የመጀመሪያዎቹ መምህራን ከግብፅ የመጡ የኮፕት ክርስቲያኖች እንዲሆኑ ተደረገ። ይህ ታሪክ በደንብ መታሰብ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ አዲስ ተቋም የሚተከለው ከነባሩ ተቋም ጋር ተደራድሮ እንደሆነ ያሳያልና። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ተከተለ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር ጀመረ፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የስድስት ኪሎው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የዩኒቨርሲቲው መቀመጫ ሆነ።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች ከዚያ በፊት ያልነበረ ነገር ፈጠሩ። በአባቱ ስም፣ በርስቱ ወይም በትውልድ ቦታው የሚታወቀው ሰው በተማረበት ክፍልና ባገኘው ዲፕሎማ መታወቅ ጀመረ። ከሐረር የመጣው፣ ከጎንደር የመጣውና ከወላይታ የመጣው ወጣት በአንድ መኝታ ቤት አድረው፣ በአንድ ገበታ በልተው የአንድ ትውልድ ሰዎች ነን ማለትን ተማሩ። የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ የተማሪዎች እንቅስቃሴ ከስድስት ኪሎ ግቢ ተነሥቶ የመሬት ጥያቄን፣ የብሔር ጥያቄንና የዘውዱን ሥልጣን ሲሞግት ያ አንድነት ፍሬ ማፍራቱ ነበር። መንግሥት አገልጋዮቹን እንዲያፈራለት ያቋቋመው ተቋም መልሶ መንግሥትን ጠየቀ። ትምህርት ከሌሎቹ ተቋማት የሚለየው በዚህ ይመስለኛል፤ ያለውን ሥርዓት ያስተላልፋል፣ ሥርዓቱን የሚጠይቅበትንም መሣሪያ በዚያው እጅ ያስይዛል።

ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ከትምህርት ቤት አጥር ውጭ ለቀሩት ደረሰ። በ15 ቋንቋዎች የተሰጠው ትምህርት እናቶችንና አባቶችን በየቀበሌው ተማሪ አድርጎ አስቀመጣቸው። ልጅ እናቱን ፊደል ያስቆጠረበት ጊዜ ነበርና፣ በቤት ውስጥ የነበረውን የማስተማርና የመማር ቅደም ተከተል ገለበጠው። በብዙ ነገሩ መራር ትዝታ ጥሎ ያለፈው ያ ዘመን በዚህ በኩል ያበረከተው ነገር አይዘነጋም።

ዛሬ ትምህርት ቤት ሰዎችን ያቀራርባል ወይስ ያራርቃል?

ሁለቱንም ያደርጋል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ማራራቁ ነው። አንድ ትውልድ ቀደም ሲል በመሀል ከተማ የነጋዴው ልጅ፣ የዘበኛው ልጅና የመምህሩ ልጅ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በአንድ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ይችሉ ነበር። አሁን አቅም ያለው ወላጅ ልጁን ወደ ግል ትምህርት ቤት ይልካል፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ አማራጭ ለሌለው ቤተሰብ እየቀረ ነው። የከተማ አስተዳደሩ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የጀመረው የተማሪዎች ምገባ ብዙ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ነቅተው እንዲቀመጡ ረድቷል፤ ይህ በግልጽ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው።

የትምህርት ጥራት ጉዳይ ግን ሥር የሰደደ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ገብተው ሲፈተኑ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ ሆነ። እነዚህ ቁጥሮች የአገር አቀፍ ቢሆኑም፣ ውጤቱ በየቤቱ የገባ ጥያቄ አስነሥቷል። ለአሥራ ሁለት ዓመት ተማር ተብሎ ያደገ ልጅ መጨረሻው ይህ ከሆነ፣ ታናናሾቹ "ተማሩ" የሚለውን የወላጅ ምክር በምን ያምኑታል? ትምህርት ቤት የገባውን ቃል ሳይፈጽም ሲቀር የወላጅም ቃል አብሮ ይዋረዳል።

ሃይማኖት የዕለት ተዕለት ኑሮን እንዴት ይመራል?

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪዎች 74.7 በመቶው ኦርቶዶክስ ክርስቲያን፣ 16.2 በመቶው ሙስሊም፣ 7.8 በመቶው ፕሮቴስታንት መሆናቸው ተመዝግቧል። በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ የማይታየው ሃይማኖት ጊዜን የሚከፋፍልበት መንገድ ነው። የወሩ ቀናት ለብዙው ሰው በቅዱሳን ስም ይታወቃሉ፤ 12 የሚካኤል፣ 21 የማርያም፣ 23 የጊዮርጊስ፣ 27 የመድኃኔ ዓለም ነው። ቀጠሮ፣ የማኅበር ዝክርና የቤተ ዘመድ ጉብኝት በዚህ ይለካል። በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም ብዙ ሉካንዳ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ረቡዕና ዓርብ ፒያሳ ውስጥ ምሳ የሚበላ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው የጾም ነው ወይስ የፍስክ ተብሎ ነው። በረመዳን ደግሞ በመርካቶና በበኒን ሰፈር የመግሪብ አዛን ሲቃረብ ቴምርና ሳምቡሳ የሚሸጡ ሰዎች ጎዳናውን ይሞሉታል።

ሃይማኖት ቤተሰብን ያሰፋል። ክርስትና እናትና ክርስትና አባት ለልጁ የሥጋ ዘመድ ያህል ኃላፊነት አለባቸው። የንስሐ አባት በዓመቱ ውስጥ ቤቱን እየጎበኘ ጠበል ይረጫል፣ የተኳረፈን ያስታርቃል፣ ልጁ ለምን ከቤተ ክርስቲያን እንደራቀ ይጠይቃል። በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ ወጣቶች ጥምቀት ሲደርስ ወደ ጃን ሜዳ የሚወስደውን መንገድ ይጠርጋሉ፣ ታቦት በሚያልፍበት ምንጣፍ ያነጥፋሉ፣ ሕዝቡን ያስተናግዳሉ። ይህን ያህል ሰው ያለ ክፍያ ማስተባበር የሚችል ሌላ ተቋም በከተማዋ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

መንግሥትና ሃይማኖት ከተለያዩ ሃይማኖት በትምህርት ቤት ምን ቦታ አለው?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ወገናዊነት ነፃ ሆኖ እንደሚሰጥ ደንግጓል። ስለዚህ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሃይማኖት እንደ ትምህርት አይሰጥም፤ የተማሪው እምነት ግን በአንቀጽ 27 የተጠበቀ ነው። በአለባበስና በጸሎት ሰዓት ጉዳይ አለመግባባት ሲነሣ ወላጆች፣ የትምህርት ቤቱ አስተዳደርና የሃይማኖት አባቶች ተቀምጠው መነጋገራቸው ከመመሪያ ብዛት ይልቅ ይጠቅማል።

እዚህ የተደረሰው በትግል ጭምር ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. እጅግ ብዙ ሕዝብ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ወጥቶ የሙስሊሞች እኩልነት እንዲከበር ሲጠይቅ፣ በሰልፉ ውስጥ ክርስቲያኖችም ነበሩ። የእስልምና በዓላት በብሔራዊ በዓልነት የታወቁት ከዘውዱ ውድቀት በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም. ነው።

የተለያየ እምነት ያላቸው ጎረቤቶች እንዴት አብረው ይኖራሉ?

መርካቶ ላይ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ አንዋር መስጊድ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ቅዳሴውና አዛኑ በአንድ አየር ላይ ይሰማሉ። በየሰፈሩ ያለው ኑሮም እንደዚሁ ነው። የሥጋው ነገር የተለየ ነው፤ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ አይበላም፤ ሉካንዳዎችም በመስቀልና በጨረቃ ምልክት ይለያሉ። ሠርግ ያለው ክርስቲያን ለሙስሊም እንግዶቹ ሙስሊም አራጅ ጠርቶ፣ ድስቱን ለይቶ፣ ወጥ የምትሠራውንም ከእነርሱ መርጦ ያዘጋጃል። ይህ መለየት መራራቅ ሆኖ አያውቅም። ልዩነቱን አውቆ ለልዩነቱ መዘጋጀት ከሁሉ የበለጠ አክብሮት ነው፤ ሁሉም አንድ ነው እያሉ ልዩነትን ከመሸፋፈን ይልቅም የሰውን ልብ ያሳርፋል።

ዕድር ከእነዚህ ተቋማት ከየትኛው ይመደባል?

ከሁሉም ይነካካል፤ ስለዚህም ሰፊ መልስ ይገባዋል። ዕድር በዋናነት የቀብርና የሐዘን መረዳጃ ነው። አባላቱ ወርሃዊ መዋጮ ያወጣሉ፤ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ንብረት ያዥ ይመርጣሉ፤ የተጻፈ ደንብ አላቸው። ሞት ሲደርስ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩና ድስቱ ይወጣል፣ ለቀብር የሚያስፈልገው ገንዘብ ይከፈላል። ክፍያው ሟቹ ለአባሉ ባለው ቅርበት ይለያያል፤ አባሉ ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ልጁ፣ ወላጁ እያለ በደንቡ ተዘርዝሯል። ቀድሞ በንጋት ጥሩምባ ነፊ እየዞረ ያረዳ ነበር፤ አሁን በብዙ ሰፈር የስልክ መልእክት ተተክቶበታል። ቀብር ላይ ያልተገኘ አባል ይቀጣል። ሴቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ የራሳቸው ዕድር አላቸው፤ ንፍሮ የሚቀቅለው፣ እንጀራ የሚጋግረው፣ ከሐዘንተኛዋ ጎን ሦስቱንም ቀን የሚቀመጠው የእነርሱ ጉልበት ነው።

የሰፈር ዕድር አባልነት በእምነት ወይም በብሔር ሳይሆን በጉርብትና ስለሆነ፣ የሀብታሙም የድሃውም ሬሳ በአንድ ድንኳን ይሸኛል። የመዋጮውም መጠን፣ የቅጣቱም መጠን ለሁሉም እኩል ነው። ከዓመት ዓመት የማይተያዩ ሰዎች እንኳ ስም በሚጠራበት የስብሰባ ቀን ይገናኛሉ። ኤች አይ ቪ ብዙ ቤት ባዶ ባደረገበት ዘመን በርካታ የአዲስ አበባ ዕድሮች ከቀብር አልፈው በሽተኛ ወደ ማስታመምና ወላጅ አልባ ልጆችን ወደ መርዳት ተሸጋገሩ። ሞት ሲደርስ ብቻ ይሰበሰብ የነበረው ሰው በሕይወት ላሉትም መሰብሰብ እንደሚችል ያኔ ታየ።

በሕግ በኩል ዕድርና ዕቁብ ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ጋር አይቆጠሩም። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እነርሱን ከተፈጻሚነቱ ውጭ ትቷቸዋል። ይህ በእኔ አመለካከት መልካም ነው፤ የዕድር ጥንካሬ አባላቱ ራሳቸው ባወጡት ደንብ መተዳደሩ ላይ ነው።

ሰዎች ከመሀል ከተማ ሲነሡ እነዚህ ተቋማት ምን ይሆናሉ?

ከሁሉ በላይ የምንጠየቀው ይህንን ነው። ነገሩን ለመረዳት ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን፣ ብዙ የመሀል ከተማ ቤቶች በዝቅተኛ ኪራይ የሚኖርባቸው የቀበሌ ቤቶች ሆኑ። ኪራዩ ዝቅተኛ ስለነበረ ቤተሰብ ቦታውን አልለቀቀም፤ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በዚያው ግቢ አደጉ። ቤቶቹ ጠባብና ያረጁ፣ መጸዳጃው የጋራ፣ ውኃው ከቦኖ የሚቀዳ ነበር። ያንን ኑሮ ያልኖረበት ሰው ሊያሞግሰው አይገባም። ነገር ግን ከቤቱ መጥበብ የተነሣ ኑሮው በግቢው ውስጥ ስለሚውል፣ ልጅ ሲያጠፋ ማንኛዋም እናት ትቆጣዋለች፤ እናቱ ሆስፒታል ስትተኛም ማንኛዋም እናት ታበላዋለች።

ልደታ፣ ሰንጋ ተራና ባሻ ወልዴ ችሎት ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ፣ የቀበሌ ቤት ተከራዮች በአብዛኛው ወደ ኮንዶሚኒየም ወይም ወደ ሌላ የመንግሥት ቤት፣ የግል ባለይዞታዎች ደግሞ ምትክ ቦታ ወደተሰጣቸው ዳርቻ ሄዱ። የብዙዎቹ ቤት ተሻሽሏል፤ የራስ ወጥ ቤት፣ የራስ መጸዳጃና ንጹሕ ውኃ አግኝተዋል። የተቋማቱ ዕጣ ግን እንደየመሠረታቸው ተለያየ። ቤተሰብ አብሮ ስለሚጓዝ ተረፈ፣ ተጠግቶ የሚኖረው ዘመድ ግን ብዙ ጊዜ ተበተነ። ሃይማኖት በአዲሱም ቦታ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ጸሎት ቤት አለው፤ ቢሆንም የቀድሞ አጥቢያቸውን ላለመተው በዓመታዊው የንግሥ በዓል ረጅም መንገድ ተጉዘው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። ትምህርት በዓመቱ መካከል ከተዛወረ ልጁ ጓደኛውንም መምህሩንም አንድ ላይ ያጣል።

የተጎዳው ዕድር ነው። አባላቱ በአንድ አቅጣጫ ሳይሆን በየአቅጣጫው ስለሚሄዱ፣ ድንኳኑን ማን ይዞ የት እንደሚተክለው ጥያቄ ይሆናል። አንዳንዱ ዕድር ገንዘቡን ለአባላቱ አካፍሎ ፈረሰ። አንዳንዱ ቀብር ላይ መገኘትን ትቶ ገንዘብ ብቻ የሚከፍል ሆነ፤ እንዲህ ያለው ዕድር ከመድን ድርጅት ብዙም አይለይም። አንዳንዱ ግን ወርሃዊ ስብሰባውን በቀድሞው ሰፈር እያደረገ ቀጥሏል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለድግስ፣ ለእርድና ለሐዘን እንዲያገለግል የተሠራ የጋራ ሕንፃ፣ ነዋሪው "ኮሚናል" የሚለው፣ አለ። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሚቋቋም የቤት ባለቤቶች ማኅበርም አለ። ማኅበሩ ስለ ደረጃ መብራት፣ ስለ ጥበቃና ስለ ውኃ ታንከር ይመክራል፤ ሐዘንተኛ ቤት ሄዶ የማደር ግዴታ ግን የለበትም። ደግሞም ብዙው ተከራይ ከዓመት ዓመት ስለሚቀያየር ለዕድር የሚያስፈልገውን ረጅም ትውውቅ ለማፍራት ጊዜ አያገኝም።

ስለዚህ ነዋሪን የሚያነሣ አካል ሁሉ ሰዎችን በቤት ቁጥር ዕጣ ከመበተን ይልቅ፣ ከተቻለ አንድን ዕድር በአንድ አካባቢ እንዲያሰፍር አጥብቀን እንጠይቃለን። ይህ ተጨማሪ ሲሚንቶ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ የዕድሩን መዝገብ አስቀድሞ ማየትን ብቻ ይጠይቃል።

እነዚህ ተቋማት ሰውን ሊጎዱ ይችላሉ?

አዎን። ቤተሰብ ሴት ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ ለቤት ሥራ ሲያውላት፣ የእኅቱን ልጅ አስተምራታለሁ ብሎ አምጥቶ ያለ ደመወዝ ሠራተኛ ሲያደርጋት ይጎዳል። ለሠርግና ለተዝካር የሚወጣው ወጪ ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ ሲከት ልማዱ ይጎዳል፤ በዚህ ረገድ ደንባቸውን አሻሽለው ድግስ የቀነሱ ዕድሮች ሊመሰገኑ ይገባል። ተቋም የሚታረመው ግን ሌላው ተቋም ሲናገረው ነው። መምህሯ ከትምህርት የቀረችውን ልጅ ቤት ድረስ ሄዳ ስትጠይቅ፣ የንስሐ አባቱ ሚስቱን የሚመታውን ባል ሲገሥጽ፣ ሕጉ ለሁለቱም ሲያግዝ፣ በአንዱ ቤት የተደበቀው በደል በሌላው በር ይወጣል። አንዱ ተቋም ብቻውን የገነነበት ሰፈር ለደካማው መሸሸጊያ የለውም።

በአዲስ ሰፈር ዕድር መግባት የሚፈልግ ሰው ከየት ይጀምር?

በመጀመሪያ በአቅራቢያው ያሉ ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤቶችን የትኛው ዕድር ውስጥ እንዳሉ ይጠይቅ፤ ብዙ ዕድር አዲስ አባል የሚቀበለው ነባር አባል ሲያስተዋውቀው ነው። ከዚያም የስብሰባውን ቀን ጠብቆ በአካል ይቅረብና ደንቡ ይነበብለት። የመግቢያ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ከምዝገባ በኋላ አገልግሎት ለማግኘት ስንት ወር መቆየት እንደሚያስፈልግ፣ መዋጮ ያቋረጠ ሰው ምን እንደሚደርስበት ለይቶ ይወቅ። ኦርቶዶክስ የሆነ ሰው በዚያው ሰሞን በአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ መመዝገቡን አይርሳ፤ የቀብር ቦታ ሲጠየቅ በቅድሚያ የሚታየው የዚያ መዝገብ ነው። የቤተሰቡን ዝርዝር ሲያስመዘግብ ደግሞ በክፍለ ሀገር የሚኖሩትን የራሱንና የትዳር ጓደኛውን ወላጆች ስም ሳያስቀር ያስጽፍ፤ ልጅ ሲወለድም በሚቀጥለው ስብሰባ ለጸሐፊው ነግሮ ያስጨምር። ክርክር የሚነሣው ባልተጻፈው ስም ላይ ነው፤ ያም ክርክር ሐዘን ባለበት ቤት እንዳይነሣ ዝርዝሩን በዓመት አንድ ጊዜ ከጸሐፊው ጋር ማመሳከር ይበቃል።